ከፊት አዲስ፣ ከኋላ አሮጌ

መንገድ ዳር የቆመ ፒካፕ ሳይ ዞሬ ጀርባውን ካላየሁ እግሬ አያርፍም። ባለቤቴ ይህን አመሌን ስለምታውቅ አብረን ስንወጣ ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች። ባለፈው ወር ደሴ ላይ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ባሉበት ዳገት፣ ብቻዬን ነበርኩና የሚጎትተኝ አልነበረም። ነጭ ፒካፕ ቆሟል። አራት ማዕዘን መብራቱንና ሰፊውን የፊት ፍርግርግ ሳይ ወደ ኋላው ዞርኩ። የኋላ ስፖንዳው የሚዘጋው እንደ ድሮዎቹ በግራና በቀኝ ባለ መቀርቀሪያና በሰንሰለት ነው። በጭነት ሳጥኑ ጎንና ጎን የገመድ መንጠቆዎች ተደርድረዋል። ተመልሼ ከፊት ጎማው አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ጎማውን የሚሸከም ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራ አለው፣ ያውም ከፊት። ጉልበቴን ደግፌ ቀና ስል ሾፌሩ ከሱቅ ወጥቶ ያየኛል። «አባባ፣ የወደቀብዎ ነገር አለ?» አለኝ። የለም ብዬ፣ መለዋወጫ ይገኝለታል ወይ ስል ጠየቅሁት። ሳቀ። «ከጠዋት ጀምሮ እየዞርኩ ነው። አንዱ የአዲሱ ነው ይለኛል፣ አንዱ የአሮጌው ነው ይለኛል።» ሰላም ዋል ብዬው ሄድኩ። ጥግ ላይ ስደርስ ግን ዞሬ አንድ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰሞን አንድ ቦታ ተቀምጬ ጋዜጣ እንኳ መጨረስ አቅቶኛል።

ይህ ሞዴል ዕድሜው አጭር ነበር። ፋብሪካው አዲሱን ዲዛይን ጨርሶ ሳያወጣ፣ አሮጌውንም ጨርሶ ሳይተው፣ በመሐል ለጥቂት ጊዜ የሸጠው ነው። ፊቱና ጋቢናው የአዲሱ ናቸው። ሻንሲው፣ ባሌስትራውና የጭነት ሳጥኑ ግን የአሮጌው ናቸው። ሰቆጣ ላይ አንድ ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን ሁሉ ነገር የሽግግር ይባል ስለነበር ሕዝቡ መኪናውን «ሽግግር» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ዓመቱን በትክክል መጥቀስ የሥራዬ ደንብ ነበር፤ እዚህ ልተወው። ሻይ ስሙኒ የነበረበት ዘመን ነው ብል ይበቃል። ብርጭቆው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ ነበር። በወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለት የልብስ ስፌት መኪናዎች ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ። ከውስጥ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና አቡጀዴ ይሸጣል። የፕላስቲክ ጫማዎች ጥንድ ጥንዳቸው ታስረው ከጣሪያ ይንጠለጠላሉ። ከቆላዎቹ ወረዳዎች ከዝቋላና ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ጫማውን ገዝተው ወዲያው አያደርጉትም። አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዱና መንደራቸው ሊገቡ ሲሉ ያደርጉታል። ከሱቁ ቴፕ የማሲንቆ ዘፈን ይሰማል። የካሴቱ ክር ሲጠላለፍ ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ይዘረጉና የእኔን እስክሪብቶ ከኪሴ መዘው ያጠነጥኑበታል። ዛሬ ሰቆጣ ስሄድ ያ በረንዳ የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። እኔ ግን አሁንም እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ወደ ኪሴ፣ ወደ እስክሪብቶዬ ይሄዳል።

እኔ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ዜናዬን የማስተላልፈው ከስልክ ቤቱ ሲሆን፣ መስመሩ ስለሚቆራረጥ እየጮህኩ ነበር የማነበው። ስለዚህ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዜናውን ከሬዲዮው በፊት ይሰማል፤ አንዳንዴም አስተያየት ይሰጣል። አንድን ነገር ሁለት ምንጭ ሳያረጋግጥልኝ አልዘግብም። በሥራ ዘመኔ አንድም እርማት አላወጣሁም እያልኩ በየሻይ ቤቱ እናገር ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህል መናገሬ ራሱ ደግ አልነበረም።

የ«ሽግግር» ሾፌር አያ ኪሮስ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው። የተወለዱት በዝቋላ ወረዳ ከተማ በጽጽቃ ነው። መኪናው የአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሰኞና ሐሙስ ክትባትና መድኃኒት ጭኖ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ይወርዳል። በዚያ መንገድ አዘውትሮ የሚሄድ ሌላ መኪና አልነበረም። አያ ኪሮስ በአማርኛ ሲናገሩ መኪናውን ያሞግሱታል፤ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ሲናገሩ ይሰድቡታል። ወደ ከተማ ሊገቡ ሲሉ ወንዙ ላይ ይቆሙና የመኪናውን ፊት ያጥባሉ። ፊቱን ብቻ ነው። ከኋላው አቧራው እንዳለ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከተማ የሚገባ ሰው ፊቱን ታጥቦ ይገባል፣ ጀርባውን ማን አጥቦ ያውቃል አሉኝ። ለጠየቃቸው ሁሉ መኪናው አዲሱ ሞዴል መሆኑን ይናገራሉ፤ ላልጠየቃቸውም እንዲሁ።

ዕቃ ሲሰበር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአዲሱ ዕቃ ከስሩ አይገጥምለትም፤ የአሮጌው አንዳንዱ ይገጥማል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዲያው ለጥቂት ይስታል። ስለዚህ አያ ኪሮስ ስም ጠርተው ወይም ቁጥር ጽፈው ዕቃ አዘው አያውቁም። የተሰበረውን ራሱን በጨርቅ ይጠቀልሉና ወልድያ ወይም ደሴ ለሚሄድ ሰው ይሰጡታል። ነጋዴ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ተማሪ ይሁን ግድ የላቸውም። ትዕዛዙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይህን የመሰለ።» አዲሱ ከመጣ በኋላም ስባሪውን አይጥሉትም። አልጋቸው ስር ባለ የእህል ጆንያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስባሪ ለምን ያጠራቅማሉ ስላቸው፣ ነገ ደግሞ ሲሰበር ከምን ጋር አመሳስለዋለሁ አሉኝ።

ባለቤታቸው ለምለም የምትኖረው ጽጽቃ ነው። መሬቷና ፍየሎቿ እዚያ ናቸው። ትቼው ሰቆጣ ብገባ መሬቱ ለሌላ ይሰጥብኛል ብላ ስለምትፈራ ንቅንቅ አትልም። እሳቸው ደግሞ ደመወዛቸው ሰቆጣ ነው። ስለዚህ ትዳራቸው የሰኞና የሐሙስ ነበር። አንድ ሰኞ አብሬያቸው ወረድኩ። ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩን፣ የማሽላውን ማሳ አልፈን ስንደርስ ለምለም ከቤት ወጣች። ባሏን ሰላም ሳትል በፊት መዳፏን የመኪናው ኮፈን ላይ አኖረች። «ዛሬ አጣድፈኸዋል» አለች። እሳቸውም የክትባቱ በረዶ እንዳይቀልጥ ነው ብለው እንደ ተማሪ አጎነበሱ። የሞተሩን ሙቀት በእጇ እየለካች ባሏ እንዴት እንደ ነዳ የምታውቅ ሴት እስከ ዛሬ ሌላ አላየሁም።

ያንን ጉዞ ዘገብኩት። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን «የዝቋላ ሕዝብ በአዲስ ሞዴል ተሽከርካሪ እየተገለገለ ነው» ይላል። ሁለት ምንጭ ነበረኝ። አንደኛው የመኪናው ሊብሬ ነው፤ ዓመቱ አዲሱ ሞዴል የወጣበት ዓመት ነበር። ሁለተኛው ሾፌሩ ራሳቸው ናቸው። ስልክ ቤት እየጮህኩ ሳነብ አያ ኪሮስ በር ላይ ቆመው ነበር። «አዲስ ሞዴል» ስል ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። በየወረዳው ያሉ አዲስ ሞዴል ተሽከርካሪዎች ለሌላ ሥራ ስለሚፈለጉ ተሰብስበው ይግቡ ይላል። ከዝርዝሩ ውስጥ የእኛው ፒካፕ አለ። የመዝገብ ቤቱን ሰው ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ቀድሞ እኮ በአሮጌ ነበር የተመዘገበው፤ አለቆች ሬዲዮ ሰምተው አስቀየሩት አለኝ። ይህን ሲነግረኝ እንጀራ እየበላ ነበር፤ እኔንም ብላ ይለኛል። እጄን ሳልዘረጋ ወጣሁ።

እንግዲህ አዲስ ነው ሲሉ የኖሩት ሰው አሮጌ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። ከተማው ሳቀባቸው። ተረካቢው ቴክኒሻን በሚመጣበት ቀን ጠዋት አያ ኪሮስ መኪናውን በወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ ፊት አቁመው ያን ሁልጊዜ የሚያጥቡትን ፊት በጭቃ ሲለቀልቁ አገኘኋቸው። መብራቱን፣ ፍርግርጉን፣ ኮፈኑን፣ አንድም ሳይቀር። ወይዘሮ ዘይነባ ከበረንዳው ላይ አይተው፣ «አያ ኪሮስ፣ ሙሽራውን ምነው አመድ ነሰነስክበት?» አሏቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ «ዘይነባ፣ ሙሽራ ነው ካሉ ይወስዱታል። ዛሬ መበለት ነው» አሉ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ፤ እንዳላልኩ ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር።

ቴክኒሻኑ ወጣት፣ ትሁት፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ነው። ፎርም ይዟል። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አዲስ፣ አሮጌ። በጣቱ ጭቃውን ገፋ አድርጎ መብራቱን አየና እስክሪብቶውን አወጣ። አያ ኪሮስ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ጎንበስ በልና ባሌስትራውን እይ። አዲሱ ከፊት ባሌስትራ የለውም።»

ወጣቱ መሬቱን አየ፣ ሸሚዙን አየ። «አባት፣ ፎርሙ ላይ ባሌስትራ የሚል የለም» አለ። አያ ኪሮስ ጆንያውን ጎትተው አመጡ። ስባሪውን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደሩት፤ ይሄ የአሮጌው ነው፣ ይሄም የአሮጌው ነው እያሉ። ሰው ከቧል። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ሊብሬውን ገለጠ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሬዲዮ ላይ የዘገቡት እርስዎ ነዎት አይደል? ዓመቱ ትክክል ነው?»

አያ ኪሮስ አዩኝ። ማለት የነበረብኝን አሁን እንደ ውሃ አውቀዋለሁ። ከስር ሳላይ ነው የዘገብኩት፣ ተሳስቻለሁ፣ ጎንበስ በልና እይ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እርማት አውጥቼ አላውቅም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ትክክል ነው» አልኩ። እውነት ነበር። ወጣቱ «አዲስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

መኪናውን ሌላ ሾፌር ነድቶ ወሰደው። አያ ኪሮስ ቁልፉን፣ ክሪኩን፣ ተቀያሪ ጎማውን ፈርመው አስረከቡ። ጆንያውን ግን አልሰጡም። ይሄ የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም፣ ስብራት ነው አሏቸው። ተሸክመውት ሳያዩኝ በአጠገቤ አለፉ። የመጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ክትባቱ በበቅሎ ይሄድ ጀመር፤ አንዳንዱ ሳምንት በረዶው ከመንገዱ አጋማሽ በፊት ይቀልጣል። አያ ኪሮስም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ፈቃድ እያወጡ ወደ ጽጽቃ በእግራቸው ይወርዳሉ።

ተቀምጬ መጻፍ ያስጠላኝ ያኔ ነው። ዜና አነብና የቀረውን ቀን ከስልክ ቤት ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ እንከራተታለሁ። እርማቱን ጽፌዋለሁ፤ ስልክ ቤቱ በር ድረስ እሄድና ወረፋው ረጅም ነው ብዬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ፈቃዳቸው ላይ ሳልጠይቅ ተከተልኳቸው። ሂድም ተመለስም አላሉኝም። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የተናገሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ዋናው ባሌስትራ ተሰብሮብኝ ነበር፤ እዚህ ጎማ ቀይሬያለሁ፤ እዚህ ውሃ ያልቃል። በማግስቱ ከሰዓት ጽጽቃ ስንደርስ ለምለም ከቤት ወጣች። የምትነካው ኮፈን የለም። መዳፏን በባሏ ግንባር ላይ አኖረች፣ ትንሽ ቆየች። «አንተን ነው ያጣደፉህ» አለች። እኔ ወደ ፍየሎቹ ዞርኩ።

በተመለስን በሳምንቱ፣ ስልክ ቤት ገብቼ እርማቱን ልልክ ወስኜ ከቤት ስወጣ፣ አያ ኪሮስ መንገድ ላይ አገኙኝ። እጃቸው ላይ ደብዳቤ አለ። መኪናው የበላይ መሥሪያ ቤቱ ጋ ገና ከመድረሱ የፊት ባሌስትራው ተሰብሮ ጊቢያቸው ውስጥ ቆሟል። ከመጋዘን የአዲሱን ሞዴል ዕቃ አወጡ፣ አልገጥም አለ። አሮጌውን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ፣ የቀድሞው ሾፌር ናሙና ካላቸው ይላኩልን ብለው ጻፉ። አያ ኪሮስ፣ መኪናው ከተወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው አዩኝ። «ጋዜጠኛው፣ እስክሪብቶህ አለ?» አሉኝ። በወይዘሮ ዘይነባ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ወይዘሮዋ ቴፑን ዘጉት።

«ጻፍ» አሉ አያ ኪሮስ። «ናሙናው ሞልቷል። መንገደኛ ግን አላምንም። መኪናው ይምጣና ከናሙናው ጋር ይተያይ።»

ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሰውዬው ሚስቱን በሽማግሌ እንደሚያስመልስ ነው የሚያጽፈው አሉ። እኔ ቃል ሳልቀይር ጻፍኩት፤ የራሴ እርማት ግን ያን ቀንም ከኪሴ አልወጣም። እንደዚያ ያለ አጭር ደብዳቤ መልስ አያገኝም ብዬ ነበር። ነገር ግን የቆመ መኪና ቦታ ይይዛል፤ ጊቢያቸውም ጠባብ ኖሯል መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ «ሽግግር» በትልቅ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ፣ በገበያ ቀን ሰቆጣ ገባ። የፕላስቲክ ጫማ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው አዩ። ወይዘሮ ዘይነባ፣ «መኪናም እንደ በግ ተጭኖ ይገባል?» አሉ። መኪናው ሳይወርድ በፊት አያ ኪሮስ ወጥተው የፊቱን አቧራ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

በማግስቱ እርማቱን ኪሴ ይዤ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ጊቢ ሄድኩ። አያ ኪሮስ መኪናው ስር ተንጋለው ስለነበር የሚታዩኝ ጫማዎቻቸው ብቻ ናቸው። ላነብልዎ አልኩ። መፍቻው ሥራውን ቀጠለ። ለሁለት ጫማ አነበብኩላቸው፤ መኪናው አዲስ ሞዴል ነው ያልኩት ስህተት እንደ ነበር፣ አካሉ የአሮጌው መሆኑን። ጨረስኩ። የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«ጋዜጠኛው፣ ያን ወረቀት እጠፈው» አሉ ከስር። ከዚያ እየተንፏቀቁ ወጡና በግሪስ በተነከረ እጃቸው ከኮታቸው ኪስ ሌላ ደብዳቤ አወጡ። በዚያው ሰሞን የመጣ ነው። አሮጌ ሞዴል ተሽከርካሪዎች በጨረታ ይወገዱ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ የእሳቸው መኪና የለም። መዝገቡ ላይ አሁንም አዲስ ነው።

«አዲስ ብለህ አስወሰድኸው» አሉኝ። «አሁን ደግሞ አሮጌ ብለህ ልታሸጠው ነው?»

«እውነቱስ?» አልኩ።

«እውነቱ እዚህ ስር አለ። የፈለገ ሰው ጎንበስ ይበል።» ተመልሰው ገቡ።

ሐሙስ ክትባቱን ጭነው ወረዱ። እኔም ወረቀቱን አጣጥፌ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት። መኪናውን መልሶ የጠየቀ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራ፤ እኔ ከሰቆጣ ስዛወርም እየሠራ ነበር። በሄድኩበት ከተማ ሁሉ ወረቀቱ ከደብተር ወደ ደብተር ይዛወራል። ስለ ብዙ ትልልቅ ነገር ዘግቤያለሁ፤ ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ ግን አንድ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ነው። አሁን ወደ ዝቋላ አዘውትረው የሚወርዱ መኪናዎች አሉ፤ ሻዩንም በስሙኒ የሚሸጥ የለም። በስሙኒ የሚገዛ ነገር ምን እንዳለም አላውቅም።

ከደሴ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተው ጽጽቃ ከለምለም ጋር ነው የሚኖሩት። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ከኋላ ፍየል ይጮሃል። «ሽግግር»ን ጠየቅኳቸው። ሻንሲው ለሁለት ተሰንጥቆ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሄደ አሉኝ።

«አያ ኪሮስ፣ ያን እርማት አሁን ላውጣው?»

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ለምለም የሆነ ነገር ስትላቸው ሰማሁ። «አውጣው እንግዲህ። መኪናው ከሌለ ማንን ይጎዳል?» አሉ። ስልኩን ልዘጋ ስል ጠሩኝ። «ጋዜጠኛው፣ ፊቱ ግን ያምር ነበር። እሱንም ጻፍ።»

እነሆ እርማቱ። ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ይመላለስ የነበረው ፒካፕ አዲስ ሞዴል ነው ብዬ ዘግቤ ነበር። አልነበረም። ሊብሬውን አይቻለሁ፣ ሾፌሩን ጠይቄያለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከስሩ አላየሁም። ስጠየቅም አልተናገርኩም። ፊቱ ግን ያምር ነበር።